ጭድ ውስጥ የተደበቁት ድስቶች

«ወንበር አምጣላቸው እንጂ ምስጋና! ምን ፈዘህ ታያለህ?» አለችው ሔራን።

ምስጋና ወንበሩን አነሳ። አንስቶ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። ምክንያቱም በሩ ላይ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ፣ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው የሪፈር ወረቀት ይዛ የቆመችው በሽተኛ እናቱ ናት። በሰለች። የገዛ እናቱ።

እሷም አየችው። መጀመሪያ ፊቷ በራ፣ አፏም ስሙን ልትጠራ ተከፈተ። ከዚያ ነጫጭ ጋውኖቹን አየች። አጠገቡ ያለችውን ቆንጆ ልጅ አየች። በመጨረሻ የእሱን ፊት አየች። ፊቱ ላይ ምን እንዳነበበች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ፤ ብቻ አፏን መልሳ ገጠመች።

«አይቸገሩ ጌታዬ፣ ይተዉት። እኔ መቆም ለምጃለሁ» አለችው።

እናት ልጇን አንቱ አለችው! እሱስ ምን አላት? ይሄን ስነግራችሁ እኔው ራሴ እያፈርኩ ነው። «ይቀመጡ እማማ» አላት፣ መንገድ ላይ ላገኛት አሮጊት እንደሚባለው።

ክሊኒኩን ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን፣ ሰማያዊ በር ያለው፣ ሰው «ማኅበሩ» የሚለው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም ረጅም ነው፣ ማንም አይዘውም። ኃላፊው ዶክተር ቃለ አብ፣ ያ ወፍራሙና ሳቂታው፣ ለመጣው በሽተኛ ሁሉ «የቆየ ሕመም አንድ ሐኪም አይበቃውም፣ ማኅበር ነው የሚያስፈልገው። የኛ ማኅበር ጠላ ስለሌለው ነው ሰው የማይሻማበት» ሲል ስሙ በዚያው ጸና። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወገቡን፣ አንገቱን፣ ራሱን ዓመት ሁለት ዓመት ያመመው ሰው ከክፍል ክፍል አይንከራተትም። ሐሙስ ሐሙስ አራቱም ባለሙያዎች አንድ ክፍል ውስጥ በክብ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ቃለ አብ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ሔራን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሮዳስ፣ ፋርማሲስቱ ምስጋና። አምስተኛው ወንበር የበሽተኛው ነው። ሁሉም ሁሉን እየሰማ ይጠይቃል፣ ከዚያ አብረው ይመክራሉ። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ ክቡ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። አንዱ ያወቀውን ሁሉም ካላወቀው፣ አንዱ የሰፋውን ሌላው ይተረትረዋል።

እና ምስጋና ክቡ ውስጥ ተቀመጠ። እናቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ።

«እሺ እማማ በሰለች፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» ብሎ ዶክተር ቃለ አብ ጀመረ።

«ይመስገን።»

«ይመስገን ስንት ጣት ነው?»

ሮዳስ ሳቀች። ዶክተሩ ሕመምን በጣት ነው የሚያስለካው፤ ምንም ካላመመ ጡጫ፣ የባሰ ከሆነ አሥሩም ጣት። «ያሳዩኝ እስቲ፣ አይፍሩ። ገና ለገና ሐኪም ይከፋዋል ብለው እንዳይቀንሱልኝ።»

እናቱ እጇን ከጋቢው ልታወጣ አለችና መልሳ ከተተችው። ለምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቀው ምስጋና ብቻ ነው። እነዚያ ጣቶች ይናገራሉ። ጫፋቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል፣ ጥፍራቸው በጭቃ ተበልቶ አልቋል፣ የቀኙ አውራ ጣት ላይ እሳት የላሰው ጠባሳ አለ። አንኮበር አካባቢ ያደገ ሰው ያንን እጅ አንዴ ካየው የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። የሸክላ ሠሪ እጅ ነው።

«ስምንት በሉት» አለች፣ እጇን ሳታሳይ።

«ሥራዎስ ምንድን ነው?» ሔራን ናት።

«እርሻ።»

«እርሻው ላይ ምን ምን ይሠራሉ? ሸክም አለ? ጎንበስ ብሎ መዋል?»

«መሬቱን ለእኩል ሰጥቻለሁ ልጄ፣ የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። እኔ እቀመጣለሁ እንጂ ምን እሠራለሁ።»

ሔራን ተነስታ ከኋላዋ ዞረች። ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ወገቧን በጣቷ እየጫነች ወረደች። ወገቧ ጋ ስትደርስ እናቱ ጥርሷን ነከሰች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ሔራን ግራ ገባት። «እማማ፣ ይሄ እኮ የተቀመጠ ሰው ጀርባ አይደለም። ይሄ ሲሸከም የኖረ ጀርባ ነው።»

«እርጅና ነው ልጄ። እርጅናም ይከብዳል።»

እንዲህ እያለች ከሁሉም ጥያቄ እየሾለከች ሳለ ዶክተሩ የምርመራ ወረቀቱን ገለጠ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ኩላሊትዎ ተጎድቷል። ጨጓራዎም እየደማ ነው፣ የጎረቤላው ጤና ጣቢያ ጽፎታል። የማስታገሻ ኪኒን ይወስዳሉ?»

«ያቺን ቢጫዋን አልፎ አልፎ...»

«እማማ።»

«ጠዋትና ማታ።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሦስት ዓመት።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ወረወረው። «ማነው የሚሰጥዎት? ለዚህ ዕድሜ፣ ይሄን ኪኒን፣ ሦስት ዓመት፣ ያለ ምንም ምርመራ! ምስጋና፣ መድኃኒት ያንተ ነው፣ እስቲ ንገራቸው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል?»

 ምስጋና ምን ይበል? ኪኒኑን የሚልከው እሱ ነው። በየወሩ በጋዜጣ ጠቅልሎ በአንኮበር ሚኒባስ ሹፌር እጅ ይልካል። ፋርማሲስት ነው፤ ይሄ ኪኒን ሲቆይ ኩላሊት እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቃል። መጀመሪያ «ለአንድ ወር ብቻ» ብሎ ነበር። ከዚያ ለሌላ ወር። ኪኒኑ ካለ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ «የምስጋና እናት ነኝ» አትልም ብሎ ነው። ይሄን ለራሱም እንኳ በቃል ብሎት አያውቅም፣ ግን እንደዚያ ነው።

«ነፍሰ ገዳይ ይባላላ» አለች ሮዳስ።

«ኸረ ከገበያ ነው!» አለች እናቱ ፈጠን ብላ። «አሊዩ አምባ ገበያ ወርጄ ነው የምገዛው። አላፊ አግዳሚ ሰው ነው፣ መልኩንም አላውቀው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ምስጋናን አላየችውም። ወለሉን ነው ያየችው።

ሮዳስ ቀስ ብላ ወንበሯን አስጠጋች። «እቤት ማን አለዎት እማማ?»

«ውሻ አለኝ።»

«ልጅስ?»

«አንድ ወንድ ነበረኝ።»

«ነበረኝ?»

«አለ፣ አለ። ሩቅ ነው ያለ።»

ሔራን እንባ ቅርቧ ነው። ይሄን ስትሰማ እናቱ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን ያዘቻት። «አይዞዎት እማማ። ይሄውልዎት፣ ይሄ ምስጋና እጮኛዬ ነው። እሱም እናቱ በልጅነቱ ነው የሞቱበት። እንግዲህ እርስዎ ልጅዎ ርቆብዎታል፣ እሱ እናት የለውም። እንደ ልጅዎ ይዩት፣ እሱም እንደ እናቱ ያይዎታል። አይደል ምስጋና?»

 ሮዳስ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

እናቱ «እጮኛዬ» የሚለውን ሰማች። «የሞቱበት» የሚለውንም ሰማች። ሁለቱም ባንድ ትንፋሽ ነው የመጡባት። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጇን ዓይኑን አየችው።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለችው። «መቼም እናት ናቸው። እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን» አለ ምስጋና።

አሜን አለ!

እሷ ከወጣች በኋላ አራቱ ለምክር ቀሩ። ሮዳስ «የልጅ ናፍቆት ነው፣ ሐዘኑ ወገባቸው ላይ ነው የወጣው» አለች። ሔራን «ሐዘን ትከሻ ላይ እንደዚያ ያለ ጡንቻ አያወጣም፣ ሴትዮዋ የሚሠሩትን ደብቀውናል» አለች። ዶክተሩ ራሱን እያከከ ሁለቱንም ሰማና «እንግዲህ ስሙ። ሥራቸውን ካላወቅን ሕመሙን አናስታግሰውም። ሕመሙ ካልቀነሰ ኪኒኑን አይተዉም፣ ከገበያም ከየትም ይገዙታል። ኪኒኑን ካልተዉ ኩላሊታቸው ዓመት አይከርምም» አለ።

ሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ነው የያዘው። ሙሉውን የያዘው ምስጋና ነው።

«እኔ አንድ ነገር ልናገር» አለ።

ሦስቱም ዞሩ። ሔራን በእነዚያ በሚያምኑት ዓይኖቿ እያየችው ነው።

«በል እንጂ» አለ ዶክተሩ።

«እ... መኪናው ነዳጅ አለው ወይ? ቤታቸው ሄደን ብናይ ልል ነው።»

ብታምኑም ባታምኑም የቤት ጉብኝቱን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው! ድንጋጤ የማያስቀባጥረው ነገር የለም። ሔራን ከወንበሯ ተነስታ «እኔም እሱን ልል ነበር!» ብላ እጁን ጨበጠችው። ቀኑ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቆረጠ።

እዚህ እንዴት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። መቼም ሰው ባንድ ቀን እናቱን አይቀብርም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ያገሩ ልጅ ዶርም ውስጥ፣ ሰው መሐል፣ «ምስጋና እየበላሁ አትየኝ፣ ሆዴን ትነፋኛለህ» አለው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚባለውን ወሬ ነው የሚያነሳው። ልጆቹ ሳቁ። ምስጋናም ሳቀ። ሳቀና በማግስቱ ዶርም ቀየረ። ከዚያ በኋላ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ሲባል «የቤት እመቤት» ማለት ጀመረ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሹልክ ብሎ ይሄዳል፣ ሹልክ ብሎ ይመለሳል። እሷም የምትጠይቀው ነገር የለም።

በኋላ ሔራንን ወደዳት። የሔራን አባት ቄስ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ቤታቸው ያስገቡት ቀን ዳቦ ቆርሰው አቀረቡለትና «እንግዲህ ልጄ፣ የማን ወገን ነህ?» አሉት።

«አባቴ ገበሬ ነበር፣ ሞቷል።» ይሄ እውነት ነው።

«እናትህስ?»

ምስጋና አሰበ፤ አለች ካለ ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌ ከተላከ ግቢዋን ያያል፣ ግቢዋ ድስትና እንስራ ነው። «እሷም ሞታለች» አለ። አፉ ነው ያለው፤ እሱ ራሱ ከቄሱ እኩል ነው የሰማው። ቄስ ሰይፈሥላሴ ተነስተው አማተቡና «የክርስትና ስሟን ንገረኝ፣ ከሙታን ጋር ላስባት» አሉት። ይሄኔ እንኳ የውሸት ስም መስጠት ይችል ነበር። ግን የውሸት ስም ለቄስ መስጠት ፈራ! እናቱን ገድሎ ስሟን መዋሸት ፈራ። «ለተጊዮርጊስ» አላቸው። እውነተኛ ስሟን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቄሱ በቅዳሴም ከማዕድ በኋላም የሙታን ስም ሲያነሱ «ለተጊዮርጊስ» ይላሉ። ሔራንም ካጠገባቸው ቆማ «አሜን» ትላለች። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።

ወደ ነገራችን። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምስጋና ለእናቱ ደወለላት።

«እማዬ።»

«አቤት ጌታዬ።»

«እማዬ እባክሽ!»

«ውይ፣ ለምጄው እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «አንተ እዚያ መሆንህን ባውቅ አልመጣም ነበር፣ እኔ ልሙት። የጤና ጣቢያው ልጅ ነው ካልሄድሽ ትሞቻለሽ ብሎ ያስደነገጠኝ። ይኸው ሄጄም ሞትኩ።»

እዚህ ላይ ምስጋና ማልቀስ ነበረበት። አላለቀሰም። «ሐሙስ ቤት ይመጣሉ። ሥራሽን ሊያዩ ነው» አላት።

 በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማዋል።

«ልጅቷ ታምራለች» አለች። «እጇ ደግ ነው። ሕመሜን ሳልነግራት አገኘችው።»

«ኪኒኑን አቁሚ እማዬ። ዛሬውኑ።»

«አቆማለሁ። እንደውም ሥራው አልቋል። ኪኒኑ ባይኖር ያን ሁሉ ድስት በምን ወገቤ እሠራው ነበር?»

«የቱን ድስት?»

«የሠርግህን ነዋ! መቼም አንድ ቀን ማግባትህ አይቀርም ብዬ። አሥራ ሁለት የወጥ ድስት፣ ክዳን ክዳናቸው ጋር። አፈሩን ከታች ከገደሉ ነው ያመጣሁት፣ እንዳይሰነጠቅ። ባትጠራኝ ባትጠራኝ ድስቱን በሰው እልክልሃለሁ ብዬ ነበር። ድስት ማን እንደሠራው አይናገር።»

ምስጋና «አትደብቂ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ሊል ነበር። እውነቴን ነው፣ ሊል ነበር። የወጣው ግን «ታዲያ ሐሙስ... ግቢው...» የሚል ነው።

«ገብቶኛል» አለች እሷ። «አንተ አትጨነቅ። እኔ አደርገዋለሁ።»

«እሺ» አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ወገቧ እንደዚያ ነው፣ ግቢ ሙሉ ሸክላ ነው፣ እሱም ያውቃል። እሺ አለ።

ሐሙስ ጠዋት በክሊኒኩ መኪና ወጡ። ሔራን የደብረ ብርሃን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ አዲስ፣ ጭኗ ላይ ይዛለች። «ቤታቸው ብርድ ነው መቼም» ብላ። ገብሱ ደርሷል፣ ዶክተሩ ቀልዱን ያወርዳል፣ ሮዳስ ትስቃለች። ጎረቤላን አልፈው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጉ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሾፌሩ «በየት በኩል ነው?» ሲል ምስጋና ሳያስበው «በግራ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር» አለ።

ሔራን ዞረች። «እንዴት አወቅህ?»

«የ... ሪፈሩ ላይ አለ።»

ሪፈር ላይ ባሕር ዛፍ ተጽፎ ያውቃል?

ግቢው ጸድቷል። በጣም ጸድቷል። ሸክላ የሚተኮስበት ቦታ ላይ አዲስ አፈር ተበትኖበታል። እንስራዎቹ ይደረደሩ በነበሩበት በኩል ምንም የለም፤ መሬቱ ላይ ግን ክብ ክብ ምልክቶች ተርፈዋል፣ ደረቅና ነጣ ያሉ፣ አንዱ ካንዱ አጠገብ። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደሉም። ምስጋና አንድ በአንድ አወቃቸው። ይሄ የትልቁ ጋን፣ ይሄ የእንስራዎቹ።

ሁሉን ደብቃ ውሻውን ረስታዋለች። ውሻው ከቤቱ ጀርባ እየጮኸ ወጣ፣ ዶክተሩን አለፈ፣ ሮዳስን አለፈ፣ መጥቶ ሁለት እግሩን ምስጋና ደረት ላይ ሰቀለና ፊቱን ይልሰው ጀመር።

«ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ምስጋና ገፋው። ውሻው ጨዋታ መሰለው፣ ጭራውን እየቆላ ተመለሰ።

«ውሻ እንኳ ፋርማሲስት ይወዳል!» አለ ዶክተሩ። «እኔን መርፌ ሸተትኩት መሰለኝ ዘሎኝ አለፈ።»

ሮዳስ ሳቀች። ሔራን አልሳቀችም፤ አንዴ ውሻውን አየች፣ አንዴ ምስጋናን።

እናቱ እቤት ውስጥ መደቡ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም። ላቧ ግንባሯ ላይ ጤዛ መስሏል።

«ምን ሆኑ እማማ!» ሔራን ሮጣ ተንበረከከች። ወገቧን ስትነካው እናቱ ጮኸች፤ ያን ቀን ያልጮኸችው ሴት ጮኸች። «ትናንት ምን ተሸከሙ? የሆነ ከባድ ነገር ተሸክመዋል።»

«ምንም ልጄ። ብርዱ ነው። ዛሬ ጉሙ መጥፎ ነው።»

ዶክተሩ ቦርሳውን አስቀምጦ መቀመጫ ሲፈልግ ዓይኑ ጥግ ላይ ያለ የጭድ ክምር ላይ አረፈ። «ውይ ዶክተር፣ እዚያ ላይ...» አለች እናቱ፤ አልጨረሰችም። ያ ሁሉ ሰውነት ተቀምጧል።

ቀጭ አለ።

ዶክተሩ ደንግጦ ሊነሳ ሲወዛወዝ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ምንድን ነው? ዕቃ ሰበርኩ እንዴ?» ጭዱ ውስጥ እጁን ከተተ። የድስት ግማሽ ይዞ ወጣ። አዲስ ነው፣ ገና ወጥ አልነካውም፣ ከንፈሩ ዙሪያ ሐረግ የመሰለ ጌጥ ተስሎበታል። ደግሞ ከተተ፣ ክዳን ወጣ። ጭዱን ገለጠው። አሥራ ሁለት ድስት። አራቱ ተሰብረዋል።

 ዶክተር ቃለ አብ ገሉን እያገላበጠ አየው። ከዚያ ወደ መደቡ ሄደና ከጋቢዋ ሥር እጇን ቀስ ብሎ አወጣው። መዳፏን ገለበጠው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየ።

«እማማ፣ ያን ቀን የደበቁን ይሄንን እጅ ነው?»

«የጎረቤት ነው፣ አስቀምጪልኝ ብላኝ...» ጀመረችና ተወችው። «የኔ ነው። ሸክላ ሠሪ ነኝ ዶክተር። አፈሩንም እኔው እሸከማለሁ፣ ዕቃውንም ገበያ እኔው እሸከማለሁ። ነውር ስለሆነ ነው የዋሸሁት። ብነግራችሁ የምትነኩኝ አልመሰለኝም። ትናንት ሁሉንም ተሸክሜ ጎረቤት አሸሸሁት፣ እነዚህን ብቻ አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ።»

ሁሉንም ራሷ ላይ ወሰደችው። አሁንም! ተኝታም እንኳ።

«ይሄን ቀድሞ ብናውቅ ኖሮ...» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ተለውጧል። «የወገብዎ ሕመም እኮ ይቀንስ ነበር። አሠራሩን ማስተካከል ነበር፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ለአፈሩ አህያ። ሳምንት እንኳ ቀድመን ብናውቅ ዛሬ እንዲህ አይሆኑም ነበር።»

ምስጋና በሩ ላይ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የወደቀ ገል አንስቶ ይዟል። መቼ እንዳነሳው አያውቅም።

ሔራን ያንን አዲስ ብርድ ልብስ አለበሰቻት፣ ዙሪያውን ጠቀጠቀችላት። እያለቀሰች ነው። «ማነው እንዲህ በሥራዎ ያሳፈረዎት እማማ? ስሙን ይንገሩኝ።»

«ማንም አላሳፈረኝም።»

«የሆነ ሰው አለ።»

«የለም ልጄ። ማንም የለም።»

ሔራን አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ ይሁን። እኛ አንተውዎትም፤ ሥራዎን እንደያዙ ወገብዎን እናስተካክላለን። ደግሞ አባቴ ቄስ ነው። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ በጸሎት ያስብዎታል። የክርስትና ስምዎን ብቻ ይንገሩኝ።»

ምስጋና ገሉን ጨበጠው።

እናቱ ምንም አታውቅም። በየት ታውቃለች? ቄሱ የሚያነሱትን ስም፣ ሔራን ዓመት ከመንፈቅ «አሜን» ያለችበትን ስም። ከተናገረች ሔራን በዚያችው ሰከንድ ታውቃለች፤ ባሕር ዛፉን፣ ውሻውን፣ ድስቶቹን፣ ሁሉንም ትገጣጥመዋለች። ያኔ ለሱ የሚቀረው ተይዞ መጋለጥ ነው። እሱ ከቀደመ ግን፣ እሷ ሳትናገር እሱ አፉን ከከፈተ፣ ሔራንን ያጣ ይሆናል፣ የኪኒኑ ነገር ሲወጣ ሥራውንም ያጣ ይሆናል፣ ግን በገዛ አፉ «እናቴ ናት» ያለ ሰው ይሆናል። ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ መጣለት፣ ከሁሉም የሚያሳፍረው፤ ለተጊዮርጊስ የሚባል ሰው ስንት አለ፣ ምናልባት ሔራን ልብ አትለው ይሆናል የሚል።

እናቱ ሔራንን አይታ ፈገግ አለች። አፏን ከፈተች፣ ያን ሐሙስ በሩ ላይ ስሙን ልትጠራ እንደከፈተችው።

አንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ገሉ እጁን እየቆረጠው ነው።

እስቲ እናንተ፣ እዚያ በር ላይ በሱ ቦታ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ በዚያች አንድ ትንፋሽ ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር?